ካሜራውን ልቀይር ወይስ ሌንሱን? የመኪና ፎቶ ላይ ተቸግሬያለሁ (ካነን 700ዲ)

ናቲ_700

ሰላም ቤተሰብ፣ እንደምን ከረማችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጡ መኪኖችን ፎቶ እያነሳሁ ለቴሌግራም ቻናሎች እሰጣለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ለራሴ ደስ ያለኝን መኪና አነሳለሁ። በእጄ ያለው ካነን 700ዲ፣ አብሮት የመጣው 18-55 እና 50 ሚሊ ሜትር 1.8 ኤስቲኤም ነው።

ችግሬን ልዘርዝር። ነጭ መኪና ሳነሳ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ጥቁር ሳነሳ በሩ ላይ እኔም፣ አጠገቤ የቆመው ባጃጅም፣ የሰፈሩ ሕፃናትም በሙሉ እንታያለን። የፊት መስታወቱ ሁሌም ሰማይ ብቻ ነው፣ ውስጡ አይታይም። ከፊት ቀረብ ብዬ ሳነሳ ደግሞ ቪትዟ አፍንጫዋ አብጦ ኋላዋ ይጠፋል።

የእቁብ ዕጣ ወጥቶልኛል። ያገለገለ ሶኒ ኤ7 3 ከነሌንሱ የሚሸጥ ልጅ አግኝቻለሁ። ጓደኞቼ «ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው ካሜራ) ካልያዝክ የመኪና ፎቶ አይሆንልህም» እያሉ አስጨንቀውኛል። እውነታቸውን ነው? ወይስ ሌንስ ልግዛ? በዝርዝር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ቱርቦ_አቢ

ሶኒውን ውሰድ፣ አታመንታ። 700ዲ 2013 ላይ የወጣ ካሜራ ነው፣ ጡረታ አውጣው።

ሰሊ_ፍሬም

ናቲ፣ ይህን ሳታነብ እቁቡን እንዳትነካው።

ከዘረዘርካቸው ችግሮች አንዱም የካሜራው አይደለም። ሶኒውን ብትገዛ ያው ባጃጅ በሩ ላይ ይታያል፣ የበለጠ ጥርት ብሎ። መኪና በአራት ጎማ የቆመ መስታወት ነው። ቀለሙን አነሳለሁ ትላለህ እንጂ የምታነሳው ቀለሙ ላይ ያረፈውን ነው። ሰው ቦታ ሲመርጥ ከመኪናው ጀርባ ያለውን ብቻ ያያል፤ አንተ ከራስህ ጀርባ ያለውን እይ። ከጀርባህ ግንብና ኮንቴይነር ካለ በሩ ላይ ግንብና ኮንቴይነር ይወጣል። ሜዳ ከሆነ ግን በሩ ለሁለት ይከፈላል፣ ከላይ ሰማዩ ብሩህ ሆኖ፣ ከታች መሬቱ ጠቆር ብሎ። በመካከል ያለው መስመር ከፊት መብራት እስከ ስቶፕ መብራቱ ሳይቆረጥ ከሄደ የመኪናው ቅርጽ በራሱ ጊዜ ይወጣል። እኔ ለገጣፎና ሱሉልታ መንገድ ድረስ የምሄደው ለዚህ ነው፣ ለመልክዓ ምድሩ አይደለም።

ነጩ ለምን ግራጫ ሆነ? የካሜራው መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ነው የተሠራው። ፍሬሙን ነጭ ሲሞላው ብርሃን የበዛ መስሎት ይቀንስብሃል። የኤቪ ቁልፉን ይዘህ መዘውሯን አዙርና ብርሃኑን ከ+2/3 እስከ +1 ጨምርለት። ለጥቁር መኪና በተቃራኒው ወደ -2/3። አሁን ከተማው ውስጥ ግማሹ መኪና ነጭ ስለሚመስል ይህቺን ብቻ ብታስተካክል ደንበኞችህ ለውጡን ያዩታል።

የቪትዟ አፍንጫ የአንተ አቋቋም ነው። በ18 ተጠግተህ ስታነሳ ፊቷ ከኋላዋ ይልቅ በጣም ይቀርብሃል፣ ስለዚህ ያብጣል። ሌንሱ ሳይሆን ርቀቱ ነው ቅርጽ የሚያዛባው። 50ህን ግጠምና ወደ ኋላ ሂድ፤ 700ዲ ላይ በፉል ፍሬም ሂሳብ 80 ሚሊ ሜትር ይሆንልሃል። ቪትዝን ከጎን አንስተህ ከፍሬሙ ሦስት አራተኛውን እንድትሞላ ወደ 11 ሜትር መራቅ አለብህ። ጠባብ ግቢ ውስጥ አይሆንም፣ አውቃለሁ። ጠባብ ግቢ ውስጥ ደግሞ መኪና አይነሳም። ባለቤቱን መኪናውን ወደ ውጭ እንዲያወጣው ለምነው።

ከዚያ ጉልበትህን እጠፍ። ካሜራው በፊት መብራቱ ከፍታ ላይ ይሁን። በቁምህ ካነሳህ ኮፈኑና ጣሪያው ብቻ ነው የሚታይህ።

መስታወቱ ላይ ስላለው ሰማይ ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ የሌንስ ፊልተር) ያስፈልግሃል። እሱን ማታ እመለስበታለሁ፣ ሥራ ላይ ነኝ።

ደጀኔ_ደላላ

እህት ሰሊ ጥሩ ብለሻል። እኔ ከገዢ ወገን ሆኜ አንድ ነገር ልጨምር። ናቲ፣ መኪናው ላቫጆ ሳይገባ ፎቶ አታንሳ። ከላቫጆ ሲወጣ ደግሞ ውኃው በስፖኪዮውና በታርጋው ሥር ይንጠባጠባል፣ ጨርቅ ያዝ። የውስጡን ስታነሳ መሪው ቀጥ ያለ ይሁን፣ ክሩስኮቱ ላይ ያለውን መሶብ፣ ሽቶና ማተብ አንሳው፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ግፋው። ሞተሩ ተነስቶ ዳሽቦርዱ ሲበራ የሄደው ኪሎ ሜትር ለብቻው ይነሳ። ደንበኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ቱርቦ_አቢ

> ከዘረዘርካቸው ችግሮች አንዱም የካሜራው አይደለም

ለቆመ መኪና እሺ። የሚሄድ መኪና ላይ ግን አልስማማም። 700ዲ ያሉት የፎከስ ነጥቦች 9 ናቸው፣ ሁሉም መሃል አካባቢ ተሰብስበዋል። ኤ7 3 ላይ 693 ነው፣ ፍሬሙን ከሞላ ጎደል ይሸፍናል። በሰከንድ 10 ያነሳል፣ 700ዲ 5። ልጁ ለራሱም አነሳለሁ ብሏል እኮ! ሮሊንግ ሾት (ከሚሄድ መኪና ላይ ሆኖ ሌላ የሚሄድ መኪና) ማንሳት ሲጀምር 700ዲን ከመስኮት ይወረውረዋል።

ሰሊ_ፍሬም

አቢ፣ ሮሊንግ ሾት ላይ ሁለቱ መኪኖች እኩል ፍጥነት ላይ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ርቀት ካልተለወጠ ፎከሱ ምን ያሳድዳል? የመሃሉን ነጥብ የፊት ጎማው አካባቢ ታስቀምጣለህ፣ አለቀ። ወደ አንተ ቀጥ ብሎ የሚመጣ የራሊ መኪና ከሆነ ልክ ነህ፣ እዚያ ሶኒው ይበልጣል። አንድም ቃል አልከራከርም። የናቲ ዕለታዊ ሥራ ግን የቆመ ኮሮላ ነው።

ወደ ፖላራይዘሩ እንመለስ። ሰው ገዝቶት «አይሠራም» የሚለው አጠቃቀሙን ስለማያውቅ ነው። ሌንሱ ላይ ታስረዋለህ፣ ከዚያ የፊተኛው ቀለበት ይዞራል። በመመልከቻው እያየህ ቀስ ብለህ አዙር፤ ሰማዩ ከፊት መስታወቱ ላይ እንደ ተጠረገ ይጠፋና ወንበሮቹ ብቅ ይላሉ። ግን በየትኛውም ማዕዘን አይደለም። በሩን ፊት ለፊት ትይዩ ሆነህ ካየኸው ምንም አይቀይርም። መስታወቱንና ኮፈኑን አግድም፣ ከላያቸው 35 ዲግሪ ያህል በሆነ ማዕዘን ስታያቸው ነው ጉልበቱ የሚታየው። ችግሩ መስታወቱን የሚያጠራው አዙሪትና በሩን የሚያጠራው አዙሪት አለመገጣጠማቸው ነው። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ይቀመጥ፣ አንዱን መስታወቱ ሲጠራ፣ ሌላውን በሩ ሲጠራ አንሳና ፎቶሾፕ ላይ በማስክ አዋህዳቸው። የካታሎግ ፎቶ የሚመስል ንጹህ ነገር እንዲህ ይወጣልሃል።

ፊልተሩ ብርሃን አንድ ስቶፕ ተኩል ያህል ይበላል (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በግማሽ መቀነሱ ነው)፣ እሱን አስብበት።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ያንተ 18-55 የፊልተር መጠኑ 58 ሚሊ ሜትር ነው። ነገ 55-250 ወይም 85 ሚሊ ሜትር 1.8 ብትገዛ እነሱም 58 ናቸው። 50 ኤስቲኤም ብቻ 49 ነው፣ ለእሱ ከ49 ወደ 58 የምታሳድግ ቀለበት አለች፣ ዋጋዋ እዚህ ግባ አይባልም። ስለዚህ አንድ ጥሩ 58 ፖላራይዘር፣ የማይወላገድ ትራይፖድ፣ ቀጥሎ 55-250። ፍላሹን ለጊዜው እርሳው። ሦስቱም ተደምረው ከሶኒው ዋጋ በብዙ ያንሳሉ።

ጋሽ_ቮልስ

ልጆች፣ ጨዋታችሁ ደስ ስላለኝ ገባሁ። እኔ ቮልስዋገን ነው የማነሳው፣ ከፊልም ዘመን ጀምሮ።

ፖላራይዘሩን በተመለከተ ልጄ ሰሊ ያልጠቀሰችው አለ። ክሮም ላይ አይሠራም። የድሮ ቮልስ ፓራውልቱም፣ የጎማ ቆቡም፣ የመብራቱ ክፈፍም ክሮም ነው፤ ፊልተሩን ብታዞሩት ብታዞሩት ነጸብራቁ ንቅንቅ አይልም። ከብረት የሚመለስ ብርሃን ከመስታወትና ከቀለም እንደሚመለሰው አይደለም። ለክሮም ያለው መፍትሔ ፊት ለፊቱ የሚያርፈውን መምረጥ ነው። እኔ ትልቅ ነጭ አቡጀዲ ይዤ እሄዳለሁ፣ ሁለት ልጆች ዘርግተው ይይዙልኛል፣ ክሮሙ ነጭ ብቻ ያያል።

ቮልስ ደግሞ ክብ ስለሆነች ሰማዩን ሁሉ ትሰበስባለች። በጠራ ፀሐይ አታንሷት። ክረምት ላይ ዳመናው ሲሸፍንና አስፋልቱ እርጥብ ሲሆን አውጧት። ሰው ዝናብ ሲመጣ ካሜራውን ይሸክፋል፣ እኔ ያኔ ነው የምወጣው።

ናቲ_700

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ ያሉትን የክሮም ነገር ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ሰሊ፣ ፖላራይዘሩን ከጓደኛ ተውሼ ሞከርኩት። አንድ ነጭ ቢዋይዲ አነሳሁ። የፊት መስታወቱ ተአምር ነው፣ ውስጡ ወለል ብሎ ታየ። ግን ሁለት ነገር ግራ ገባኝ። የኋላ መስታወቱ ላይ በረድፍ የተደረደረ ጠቆር ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ወጣ፣ በዓይኔ ሳየው ምንም የለም። ውስጡን ሳነሳ ደግሞ ትልቁ ስክሪን ጥቁር ሆነ። ፊልተሩ ፎርጅድ ነው?

ሰሊ_ፍሬም

ፊልተሩ ጤነኛ ነው። የኋላና የጎን መስታወት በሙቀት የተጠነከረ ነው፤ ሲሠራ ተግሎ በአየር ንፋሽ በድንገት ይቀዘቅዛል፣ ያ ውስጡ የቀረው ውጥረት በፖላራይዘር ሲታይ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። የፊት መስታወት ሁለት ንብርብር ሆኖ መሃሉ ላይ ፕላስቲክ ያለው ስለሆነ አይታይበትም። ኋላውን ስታነሳ ፊልተሩን ፍታው ወይም ነጠብጣቡ እስኪጠፋ አዙረው።

ስክሪኑ ራሱ ብርሃኑን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚለቀው፣ ያንተ ፊልተር ሲሻገርበት ይዘጋዋል። ለውስጥ ፎቶ ፖላራይዘር አውልቅ።

አስቴር_ቲ

ካሜራ የለኝም፣ በስልክ ነው የማነሳው። የቪትዟ አፍንጫ በእኔም ስልክ ያብጣል። ለእኔ የሚሆን ምክር አለ?

ሰሊ_ፍሬም

አስቱ፣ የስልኩ ዋና ሌንስ በፉል ፍሬም ሂሳብ 24 ወይም 26 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ለዚያ ነው። ዙሙን 2 ወይም 3 እጥፍ ላይ አድርጊውና ወደ ኋላ ራቂ። የፖላራይዝድ መነጽር ካለሽ አንዱን ዓይን ስልኩ ላይ ለጥፈሽ አዙሪው፣ ይሠራል። አቢ እንዳይስቅብሽ እንጂ።

ቱርቦ_አቢ

አልስቅም፣ እኔም አድርጌዋለሁ።

ደጀኔ_ደላላ

አሁን ደስ የማይል ነገር ላንሳ። እናንተ ነጸብራቁን ስታጠፉ እኔ የምሸጠው መኪና ላይ በሩ የተጠገነበት ስቱኮ አብሮ ይጠፋል። ገዢ ፎቶውን አይቶ ከአዳማ ድረስ ይመጣል፣ በሩን ሲያይ ይጣላናል። የሚወቀሰው ግን ፎቶ አንሺው አይደለም፣ ደላላው ነው። ናቲ፣ አንዳንድ ሻጭ «ይህቺን ጭረት አጥፋልኝ» ይልሃል። ምን ትላለህ?

ናቲ_700

ጋሽ ደጀኔ፣ ብለውኝ ያውቃሉ። ወፍ የጣለችውንና አቧራውን አጠፋለሁ፣ ጭረት አልነካም።

ጋሽ_ቮልስ

ደጀኔ እውነቱን ነው። ባቲላሜራ የተሠራን በር የምታውቁት በነጸብራቁ ነው። ከመኪናው ጫፍ ተጎንብሳችሁ በጎኑ ርዝመት ስታዩ የአጥሩ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦው መስመር ፋብሪካው በሠራው ላሜራ ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ስቱኮ ያለበት ላይ ሲደርስ ወዝወዝ ይላል፣ ይወፍራል፣ ከዚያ ይቀጥናል። ታዲያ ናቲ ለሽያጭ ስታነሳ ሁለት ዓይነት ፎቶ አንሳ። አንዱ ለዓይን የሚያምረው፣ ሌላው ያለ ፖላራይዘር፣ በእያንዳንዱ ጎን ርዝመት የተነሳ። ሁለተኛውን የሚለጥፍ ሻጭ መኪናው ንጹህ ነው ማለት ነው።

ደጀኔ_ደላላ

ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነማ ግማሹ ሻጭ ናቲን ያባርረዋል። እኔ ግን እቀጥረዋለሁ።

ሜሪላንድ_ዳዊት

ሰላም ከሲልቨር ስፕሪንግ። ሰሊን ብደግፍም ናቲ አንድ ቀን ሶኒውን መግዛቱ አይቀርም፣ ስለዚህ ያገለገለ ካሜራ ሲገዛ ምን እንደሚያይ ልንገረው።

ባትሪና ሜሞሪ የራስህን ይዘህ ሂድ። አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) 16 አድርገህ ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ አንሳና አጉልተህ እይ፤ ጥቁር ነጥብ ካለ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ። ቢጠረግ የሚለቅ ነው። መስመር ወይም ቧጨራ ከሆነ ግን ተመለስ። ሌንሱን በስልክ ባትሪ ከኋላው እያበራህ ውስጡን እይ፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ፈንገስ ነው፣ በነፃ ቢሰጡህም አትውሰድ። ሶኒ ስንት ጊዜ እንዳነሳ ፎቶው ፋይል ውስጥ ይጻፋል፣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚያነቡ አሉ። ሶኒ የዚህን ሞዴል ሻተር (ብርሃን የሚያስገባውን በር) ዕድሜ ወደ 200,000 ጊዜ ማንሳት ይለዋል። ሻጩ አዲስ ፎቶ አንስቶ ፋይሉን እንዳለ እንዲልክልህ ጠይቅ፤ በቴሌግራም ሲልክ በ«ፋይል» ይሁን፣ አለበለዚያ መረጃው ይጠፋል።

እዚህ ያለ ዘመድ ካለህ ኬኢኤችና ኤምፒቢ የሚባሉ የካሜራ ሻጮች ያገለገለውን ደረጃ አውጥተው ከነዋስትናው ይሸጣሉ። ሰው ሲመጣ ይዞልህ ይመጣል፤ ቦሌ ላይ የጉምሩኩን ነገር ግን ቀድመህ አጣራ። ድሮንን ደግሞ አደራ፣ ያለ ፈቃድ አታስመጣ፣ አታብርርም።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ቴሌግራም ፎቶህን በተለምዶ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክሰል አውርዶ ነው የሚያሳየው። የ700ዲ ፎቶ 5184 ነው። ፉል ፍሬሙን የሚያይልህ ገዢ የለም።

ናቲ_700

ዳዊት፣ የመጨረሻዋ ነጥብ ልቤን አሳረፈችው። ሶኒውን ለጊዜው ትቻለሁ።

አሁን ስለ ሰዓት ንገሩኝ። ሥራዬ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ነው የሚመቸው፣ ባለቤቶቹ በምሳ ሰዓት ስለሚመጡ።

ሰሊ_ፍሬም

ከሁሉ የከፋውን ሰዓት መርጠሃል። እዚህ አገር እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከፍ ትላለች፤ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ መገባደጃ አዲስ አበባ ላይ ቀጥ ብላ አናት ትመጣለች። ጣሪያው ይቃጠላል፣ ጎኑና ቸርኬው ይጨልማል። ግድ ከሆነብህ ሰፊ ጥላ ፈልግ፣ የሕንፃ ጥላ ከዛፍ ጥላ ይሻላል፤ ዛፍ መኪናውን ያዥጎረጉረዋል።

ስትችል 11 ሰዓት ላይ ጀምር። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 12፡50 ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች። ከዚያ በኋላ ያለችው ሰማያዊ ብርሃን 20 ደቂቃ ያህል ናት፣ ስለዚህ ትራይፖዱም መኪናውም ቀድመው ይቁሙ። የመኪናው ፓርኪንግ መብራት ብቻ ይብራ፣ ትልቁ አይብራ። አይ ኤስ ኦ 100፣ አፐርቸር 8፣ ሻተሩን ብርሃኑ እየወረደ ሲሄድ አርዝመው። በእጅህ አትንካው፣ የ2 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪውን ተጠቀም።

ሜሪላንድ_ዳዊት

እዚህ በበጋ ግማሽ ሰዓት አለን፣ እናንተ ትሮጣላችሁ :)

ናቲ_700

ትናንት 11 ሰዓት ተኩል ላይ በ50ው ያነሳሁትን ብር ቀለም ያሪስ ለጥፌያለሁ። በደንብ ተቹኝ።

ሰሊ_ፍሬም

አየሁት። ነጸብራቁ አምሯል፣ የትከሻው መስመር ከፍሬቻው እስከ ኋላ በር ሳይቆረጥ ሄዷል። ሦስት ነገር፦ የፊት ጎማውን ወደ ካሜራው አዙረኸዋል፣ ስለዚህ የሚታየው ጥርሱ ነው። መሪውን ካንተ ተቃራኒ አዙረው፣ ያኔ ቸርኬው ፊቱን ይሰጥሃል። ጣሪያው ላይ ከኋላ ያለው የመብራት ምሰሶ በቅሏል፣ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ብትል ይወጣ ነበር። የፊት መስታወቱ ላይ ያለው የቦሎ ወረቀት ብሩህ ሆኖ ዓይን ይስባል፣ ፎቶሾፕ ላይ ትንሽ አጨልመው። አታጥፋው፣ ደጀኔ ይቆጣል።

ቱርቦ_አቢ

ታርጋውን የሸፈንክበት የቻናሉ ሎጎ ከመኪናው ይተልቃል ወንድሜ።

ናቲ_700

ሃሃ ባለቻናሉ ነው ያስገደደኝ። አቢ፣ አንተ ስለ ሮሊንግ ሾት ታውቃለህ መሰለኝ፣ ከየት ልጀምር?

ቱርቦ_አቢ

በመጀመሪያ መንገድ ዳር ቆመህ ፓኒንግ ተለማመድ። ሻተር 1/125 ላይ ጀምር፣ እጅህ ሲለምድ ወደ 1/60 ውረድ። ካሜራውን ከመኪናው ጋር እኩል አዙር፣ ካነሳህ በኋላም እጅህን አታቁም።

ከመኪና ወደ መኪና ሲሆን 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይበቃል። በዚያ ፍጥነት በ1/60 ሰከንድ መኪናው ወደ 18 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል፣ ጎማውም የዙሩን አንድ አሥረኛ ያህል ይዞራል። በፎቶ ላይ 100 የሚበር ይመስላል፣ ስለዚህ ማንም በኃይል መንዳት የለበትም። በቀን 1/60 ብርሃን ያበዛብሃል፣ ያ ፖላራይዘር እዚህም ያግዝሃል። እሑድ ጠዋት ጭር ያለ ሰፊ መንገድ ፈልግ። ከኋላ ወንበር፣ ቀበቶ ታስሮ፣ በመስኮት። ከባውሊ ላይ ተንጠልጥሎ ማንሳት የሚባለውን ቪዲዮ አይተህ እንዳትሞክር። የአዳማ የፍጥነት መንገድን ደግሞ እርሳው፣ ዳር ቆሞ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው።

አዳዲሶቹ ኤሌክትሪክ መኪኖች መብራታቸው ኤልኢዲ ስለሆነ በፈጣን ሻተር አንዱ በርቶ ሌላው ጠፍቶ ይወጣል፣ ዘገምተኛው ሻተር ይህንንም ይፈታል።

አስቴር_ቲ

ጥበቃዎች እንዴት ነው የምታደርጓቸው? እኔን በስልክ እንኳ ከልክለውኛል።

ጋሽ_ቮልስ

ልጄ፣ ካሜራውን ከማውጣትሽ በፊት ሄደሽ ሰላም በያቸው። ምን እንደምታነሺ፣ ወደየት እንደምታነሺ በእጅሽ አሳዪያቸው። ከጀርባው ኤምባሲ ወይም የመንግሥት ቅጥር ካለ አትከራከሪ፣ መኪናውን ወደ ሌላ ቦታ ማንቀሳቀስ ይቀላል።

ናቲ_700

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነገ ፖላራይዘር ልገዛ ነው። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ሻጩ 52 ብቻ አለኝ ይላል፣ ከ58 ወደ 52 በሚያሳንስ ቀለበት 18-55ቱ ላይ ይሆናል?

ሰሊ_ፍሬም

አይሆንም። ከሌንሱ ያነሰ ፊልተር ካሰርክ በ18 ላይ ማዕዘኖቹ ይጠቁራሉ። 58 እስኪገኝ ጠብቅ፣ ወይም 67 ካለው ከ58 ወደ 67 የሚያሳድግ ቀለበት ጨምረህ ውሰድ።

ደጀኔ_ደላላ

ናቲ፣ ቅዳሜ ሁለት ኮሮላ አለኝ፣ 10 ሰዓት ላይ ሲኤምሲ። አንዷ በሯ ስቱኮ ነው፣ እንዳትደብቅልኝ።

ናቲ_700

10 ሰዓት ገና ነው ጋሽ ደጀኔ፣ 11 ያድርጉልኝ።